መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ፓኬጅም ይጨርሳል፦ ዊንዶውሱን ምን ላድርገው?

እቴ ኮምቦልቻ

ሰላም ናችሁ። ለጽሕፈትና ለፎቶ ኮፒ የምጠቀምበት ያገለገለ ዴስክቶፕ አለ፤ ዊንዶውስ 10፣ ራም 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስክ 500 ጊጋ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ አገኘዋለሁ። ያኔ ክሮም ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ምንም አይከፍትም። በእጅ ሳስተካክለው ይሠራል፣ መብራት እስኪጠፋ።

ኢንተርኔቱ ከስልክ ሆትስፖት ነው። ምንም ሳላወርድ ፓኬጁ ያልቃል። አንዳንዴ ደግሞ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ አፕዴት ብሎ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። አፕዴትን ከነጭራሹ የሚዘጋ ፕሮግራም እንጫንልሽ የሚሉኝ አሉ። ይሻላል? እህታችሁ ነኝ፣ ኬዝ ከፍቼ አላውቅም፤ በዚያ ልክ አስረዱኝ።

ጦሳ ማዶ

አብሽሪ፣ ከሰዓቱ ጀምሪ። ማዘርቦርዱ (ኬዙ ውስጥ ያለው ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። ቁጥሯ ሲአር 2032 ነው፣ 3 ቮልት። መብራት ሲቋረጥ ሰዓቱን የምታስኬደው እሷ ናት። መለኪያ ያለው ሰው ካለ ይለካልሽ፤ ከ2.7 ቮልት በታች ካሳየች ትቀየር። ለዚህ ደሴ ድረስ መውጣት አያስፈልግም፣ የእጅ ሰዓትና የሪሞት ባትሪ የሚሸጡ ዘንድ ትገኛለች። ስትገዢ ግን ቁጥሩን አንብቢ። ሲአር 2025 በስፋት እኩል ናት፣ ውፍረቷ ግን 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ቦታዋ ላይ ትላላለች፤ ያንቺዋ 3.2 ናት።

ከመንቀልሽ በፊት ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ገብተሽ ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንሺ። ሲነሳ ደጋግመሽ የምትነኪው ቁልፍ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ሌኖቮ ዴስክቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 1 ነው። ዋናው የሳታ ሞዱ (ሃርድ ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) ነው፤ ኤኤችሲአይ ይላል ወይስ ሬይድ? ባትሪ ሲነሳ ይህ ወደ ዲፎልት ሊመለስ ይችላል። ከተቀየረ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ አልነሳም ይላል፣ ሰዉም ዲስኩ ተበላሸ ብሎ ፎርማት ያስደርጋል። መፍትሔው ግን ሞዱን እንደነበረ መመለስ ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፊ፣ የኃይል ገመዱን ከግድግዳ ንቀዪ፣ የፓወር ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ። የኬዙን ብረት ንኪ፣ በሰውነትሽ ላይ ያለው ስታቲክ እንዲወጣ። ባትሪዋን የያዘውን ትንሽ ምላስ ወደ ጎን ስትገፊው ብድግ ትላለች። በካቻቢቴ አትፈንቅይ፣ ቦርዱ ይጫራል። አዲሷን የመደመር ምልክቷ ወደ ላይ ሆኖ ጫን አድርጊያት።

ገመዱን መልሰሽ ስታበሪው እንደገና ባዮስ ውስጥ ግቢ፣ ቅንብሩን ከፎቶው ጋር አስተያዪ። እዚያው እያለሽ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ምን ይሁን የሚለውን ፈልጊ፤ ብዙው ላይ «አፍተር ፓወር ሎስ» ይባላል። «ፓወር ኦፍ» ላይ አድርጊው። መብራት ሄድ መጣ ሲል ማሽኑም አብሮ እንዳይነሳና እንዳይወድቅ ነው።

አሁን ወደ ዊንዶውስ። ሴቲንግስ፣ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ዴት ኤንድ ታይም። ታይም ዞኑ ዩቲሲ+03:00 ናይሮቢ ይሁን፤ አዲስ አበባ የሚል አትፈልጊ፣ የለም። መጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን በእጅ አስተካክለሽ ከዚያ «ሲንክ ናው» በይ። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። በግል ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ ሰዓት አገልግሎት ከ15 ሰዓት በላይ የሆነን ልዩነት በራሱ አያርምም፣ ልዩነቱ በዛ ብሎ ይተወዋል። ራሱ ያልተስተካከለልሽ ለዚህ ነው።

ክሮም ያስቸገረሽም ከዚሁ የተነሳ ነው። ድረ ገጾች የሚያሳዩት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ኮምፒውተሩ የድሮ ቀን ላይ ከቆመ ሰርተፍኬቱ ገና ያልጀመረ ይመስለዋል። ማስጠንቀቂያውን አልፈሽ አትግቢ፣ ቀኑን አስተካክይ።

ቦርከና

ስለ ፓኬጁ እኔ ልጨምር። መጀመሪያ ማን እንደሚበላው እዪ። ሴቲንግስ ውስጥ ኔትዎርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዳታ ዩሴጅ ስትገቢ የ30 ቀኑን በየፕሮግራሙ ያሳይሻል።

ከዚያ ዋይፋይ ውስጥ የስልክሽን ሆትስፖት ስም ነክተሽ ፕሮፐርቲስ ላይ «ሴት አዝ ሚተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የሚቆጠር ነው፣ ቆጥበህ ተጠቀም እንደማለት) የሚለውን አብሪ። ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት ማውረድ ይተዋል፣ ፋይል ወደ ኢንተርኔት የሚያስቀምጠው ዋን ድራይቭም ይቆማል። ልብ በይ፣ ይህ የሚሠራው ለዚያ ስም ብቻ ነው። የሆትስፖቱን ስም ከቀየርሽ ወይም የሌላ ሰው ስልክ ካገናኘሽ እንደ አዲስ ማብራት አለብሽ። ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ የምታገናኚ ከሆነ ደግሞ ቅንብሩ ዋይፋይ ሥር ሳይሆን ኢተርኔት ሥር ነው። ብዙ ሰው አበራሁት ግን ይበላል የሚለው እዚህ ላይ ነው።

አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለውን አጥፊ። ካልጠፋ የወረደውን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮችም ሊልክ ይችላል።

ሚተርድ የማይነካው አንድ አለ፦ ቴሌግራም። ደንበኞች ፋይል የሚልኩልሽ በእሱ ከሆነ ግሩፕ ውስጥ ያለው ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ራሱ ይወርዳል። ቴሌግራም ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ፤ ለግሩፕና ለቻናል ሁሉንም አጥፊ።

ሰኞ ገበያ

ቦርከና ያለው ልክ ነው፣ ግን ሚተርድን አብርቶ መርሳት አይሆንም። አፕዴት ዘጊ የሚባለውን ፕሮግራም ደግሞ አታስጭኚ። እነዚህ ሰርቪሶችን በግድ ይሰብራሉ፣ በኋላ አፕዴት ስትፈልጊ አልሠራም ይላል፤ አንዳንዶቹ ቫይረስ መከላከያውንም አብረው ያጠፋሉ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሙሉ ቀን የሰው ፍላሽ ይሰካበታል፤ ያለ መከላከያ ፎልደር ደብቆ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው የሚሄደው ባንቺ በኩል ነው። ሴቲንግስ፣ ዴቫይስስ ውስጥ አውቶፕሌይን (ፍላሽ ሲሰካ ራሱ የሚከፍተውን) አጥፊ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብተሽ የቫይረስ ዝርዝሩን በየጠዋቱ «ቼክ ፎር አፕዴትስ» ብለሽ በእጅ አድሺ።

ሪስታርቱን ለማስቆም «አክቲቭ አወርስ» አለ። እስከ 18 ሰዓት ድረስ መስጠት ትችያለሽ። ከጠዋቱ 12 እስከ ሌሊቱ 6 ብትይው በሥራ ሰዓት አይነካሽም። ኮምፒውተሩ ላይ የሚሞላው 6 ኤኤም እና 12 ኤኤም ተብሎ ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ከዚያ በፊት የወጡት ያልገቡ ካሉ ግን ማሽኑ አሁንም ይጎትታቸዋል። ርካሽ የሌሊት ፓኬጅ ባለሽ ቀን ሚተርዱን አጥፍተሽ ይጨርስ።

አንድ ነገር እንዳይነካብሽ። ዲቫይስ ማኔጀር፣ ዲስክ ድራይቭስ፣ ፖሊሲስ ውስጥ ሁለት ሳጥን አለ። ሁለተኛው፣ የካሽ ፍላሺንግን (በጊዜያዊ ማቆያ ያለው ዲስኩ ላይ እንዲሰፍር የሚያስገድደውን) አጥፋ የሚለው፣ ምልክት እንዳይደረግበት። ፈጣን ያደርጋል ብለው የሚነኩት አሉ። ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለትንሽ ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) መብራት ሲቋረጥ ዲስኩ ላይ ያልሰፈረው ሁሉ ይጠፋል፣ ፋይል ሲስተሙም ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤስ ከገዛሽ ሌዘር ፕሪንተሩንና ፎቶ ኮፒውን እሱ ላይ አትሰኪ። ቀለሙን የሚያጋግለው ክፍል ሲሞቅ በአንዴ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤሱ ይጮሃል፣ ይጠፋል።

እቴ ኮምቦልቻ

አላህ ይስጣችሁ። የታይም ዞኑን ሳየው ሌላ ነገር ታየኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩም 3 እንዲል ተብሎ በሐበሻ ሰዓት ነው የተሞላው። ናይሮቢ ካልሁት 9 ይልብኛል። ሁለቱን ማስማማት አይቻልም?

ጦሳ ማዶ

ይቻላል፣ ዋናውን ሰዓት ሳትነኪ። ሰዓቱን በስድስት ሰዓት ማሳሳት አይጠቅምም፤ በተሳካ ሲንክ ሁሉ ይመለሳል።

ዴት ኤንድ ታይም ገጽ ላይ «አድ ክሎክስ ፎር ዲፈረንት ታይም ዞንስ» የሚል አለ። «ሾው ዚስ ክሎክ» ላይ ምልክት አድርጊ፣ ዞኑን ዩቲሲ-03:00 ካየን፣ ፎርታሌዛ ምረጪ፣ ስሙን «የሐበሻ» ብለሽ ጻፊ። እኛ ዩቲሲ+3 ነን፤ ስድስት ሲቀነስ -3 ይመጣል። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን 3:00 ኤኤም ይላል፣ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን 1:00 ፒኤም። ኤኤም ቀን፣ ፒኤም ማታ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ቀኑም የሚለወጠው ጠዋት 12 ላይ ነው። ከ-3 ዞኖች ይህን ያልሁሽ ሰዓቱን በበጋና በክረምት የማይቀያይር ስለሆነ ነው።

ታች ያለው ሰዓት ላይ ማውሱን ስታሳርፊ ሁለቱንም ያሳይሻል። ዋናውን ዞን ግን ወደ ካየን አትቀይሪ። ቀን ራሱ የሚሞላ የወርድ ደብዳቤ ከዋናው ሰዓት ነው የሚወስደው፤ ከሌሊቱ 6 በኋላ እስከ ንጋት ድረስ የትናንቱን ቀን ያትምብሻል።