ያረጀ ርካሽ የተራራ ብስክሌት በቤት ውስጥ ሲታደስ ምን ይቅደም?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ለዓመታት ቆሞ አቧራ ሲጠጣ የኖረ፣ ከፊት ብቻ ሾክ ያለው ባለ 26 ኢንች የተራራ ብስክሌት አለኝ። ፍሬሙ አልሙኒየም ሲሆን ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ማርሽ አለው፤ ፍሬኑ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ በላስቲክ የሚይዘው ዓይነት ነው። የፊት ሾኩ የተሠራው 80 ሚሊ ሜትር እንዲወርድ ቢሆንም አሁን ስጫነው እየተንቀጫቀጠ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ከብረት የተሠራው የኮርቻ ዘንግ ደግሞ ፍሬሙ ውስጥ ተጣብቆ አልነቃነቅ ብሏል። ሾኩን 120 ሚሊ ሜትር በሚወርድ፣ ፍሬኑን ደግሞ በዲስክ ለመለወጥ አስቤ ነበር። ጎማ ከመለጠፍ ያለፈ ሥራ ሠርቼ ስለማላውቅ፣ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ልምድ ያላችሁ ብታማክሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1

ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ብስክሌቱን ይፍቱት። ፍሬሙን አጥበውና አድርቀው በጠንካራ ብርሃን ብየዳዎቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ በተለይ መሪው የሚገባበት አጭር ቱቦ ከታችኛው ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ደጋግመው ያጣሩ። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካዩና ጥፍርዎ ሲያልፍበት ከያዘው፣ ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ምንነቱ ሳይረጋገጥ ሌላ ሥራ አይጀምሩ።

ፍሬሙ ደህና ከሆነ ወደ ኩሽኔታዎቹ ይሂዱ። እኔ የመጀመሪያውን የኋላ ሞዞ (ጎማው የሚዞርበትን የመሃል ክፍል) ስከፍት ግራሶው እንደ ሰም ደርቆ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ ብዮቹን በጋዝ አጥቤ ጨርቅ ላይ ስዘረጋቸው ግማሾቹ ያበራሉ፣ ግማሾቹ ደብዝዘው ተቦርቡረዋል። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ሞዞዎች ከኋላ በየጎኑ 6.35 ሚሊ ሜትር የሆኑ 9 ብዮች፣ ከፊት ደግሞ በየጎኑ 4.76 ሚሊ ሜትር የሆኑ 10 ብዮች ይገኛሉ። ቢሆንም ከማውጣትዎ በፊት ቆጥረው ይጻፉ፤ ሲለውጡም ሁሉንም አንድ ላይ ይለውጡ። ሲገጥሙ ጎማው ያለ ምንም መያዝ መዞር አለበት። አክስሉ በፈጣን መቆለፊያ (በእጅ በሚታጠፍ ማንሻ) የሚጠብቅ ከሆነ፣ መቆለፊያው አክስሉን ስለሚጨምቀው ከመቆለፉ በፊት በጣም ትንሽ ልቅነት ይተዉለት።

የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ መሆኑን አይርሱ፤ የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው። ይህን ባለማወቅ ክራንኩን (ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ) ያበላሸ ሰው ብዙ ነው።

መልስ 2

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ሁለቱ ዕቅዶችዎ ነው። ለዲስክ ፍሬን ፍሬሙና ሾኩ ላይ መያዣውን የሚቀበል መግጠሚያ፣ ሞዞዎቹ ላይም ዲስኩ የሚታሰርበት ቦታ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከጎደለ ሥራው ጎማዎቹን ከነቸርኬያቸው እስከ መለወጥ ይደርሳል። ሾኩን ከ80 ወደ 120 መውሰድን ግን አልደግፍም። ፊቱ በ20 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል የመሪው ማዕዘን ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ስለሚላላ፣ በ40 ሚሊ ሜትር ልዩነት ብስክሌቱ ዳገት ላይ ከፊት ይቀልልብዎታል፤ ረጅሙ ሾክ ከላይ የተጠቀሰውን ብየዳ የሚጎትትበት ኃይልም ይጨምራል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ አዳዲስ ሾኮች የእርስዎ ዓይነት ፍሬን የሚታሰርባቸው ጉጦች የሏቸውም። እኔ ብሆን ኖሮ ሾኩን አውጥቼ ቁመቱ የሚመጥን፣ ጉጦቹም ያሉት ሾክ አልባ ሹካ (የፊት ጎማውን የሚይዝ ባለ ሁለት እግር ክፍል) እገጥም ነበር።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ስመለከት ፍሬሙ ስንጥቅ የለውም፤ የዲስክ መግጠሚያም የለውም፤ ስለዚህ የዲስኩን ሐሳብ ትቼዋለሁ። ሰንሰለቱን 24 ፒን ያህል ስለካው 308 ሚሊ ሜትር ሆነ። ይህ ብዙ ነው?

መልስ 3

አዎ፣ ብዙ ነው። አዲስ ሰንሰለት ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 24ቱ 304.8 ሊሆኑ ይገባል፤ የእርስዎ ከ1 በመቶ በላይ ተስቧል። እዚህ ደረጃ ሲደርስ የኋላ ጥርሶቹም አብረውት ተበልተው ስለሚሆን፣ አዲስ ሰንሰለት ብቻውን ቢገጠም ሲረገጥ ይዘላል። የእርስዎ 7 ማርሽ በሞዞው ላይ በጥርስ የሚጠመዘዝ ፍሪዊል ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ በማውጫ ቁልፉ ፈትተው ከሰንሰለቱ ጋር አብረው ይለውጡት።

ስለ ሾኩ ግን ከመልስ 2 ጸሐፊ ጋር አልስማማም፤ ሳይከፈት አይጣል። በብዙዎቹ ርካሽ የስፕሪንግ ሾኮች በሁለቱ እግሮች ሥር ብሎኖች አሉ። እነሱን ጥቂት ዙር አላልተው በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብለው ሲመቱ ውስጡ ይላቀቃል፤ ከዚያ ብሎኖቹን ጨርሰው ፈትተው የታችኛውን ክፍል ወደ ታች ይጎትቱት። የደረቀውን ግራሶ ጠርገው አዲስ ይቀቡ። የሚንሸራተተው ቱቦ በዝገት ተቦርቡሮ ካገኙት ግን ውስጡን እየፋቀ ስለሚጨርሰው፣ ያኔ የሾክ አልባው ሹካ ምክር ይሠራል።

ወጪ የሚገባው ጎማው፣ የፍሬን ላስቲኩና ሽቦዎቹ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የአነዳዱን ስሜት ቶሎ የሚለውጡት እነዚህ ናቸውና። የሽቦ ልባስ ሲገዙ አደራዎን ይለዩ፦ የፍሬኑ ልባስ በውስጡ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ብረት ሲኖረው፣ የማርሹ ልባስ ግን ብዙውን ጊዜ በውስጡ በቁመት የተደረደሩ ቀጭን ሽቦዎች አሉት። ሁለተኛው ለፍሬን ቢገጠም በኃይል ሲያዝ ሊፈነዳ ይችላል።

ለተጣበቀው ዘንግ ሰርጎ የሚገባ ዘይት ከላይ በመገናኛው ዙሪያ ያንጠባጥቡ፤ ብስክሌቱንም ገልብጠው የክራንኩ ኩሽኔታ ከወጣ በኋላ በውስጥ በኩል ያፍስሱበት። ለጥቂት ቀናት ደጋግመው ከጠበቁ በኋላ ኮርቻውን እንደ እጀታ ይዘው ግራና ቀኝ ያዙሩት፤ ሳይዞር ወደ ላይ አይጎትቱት።

የጠያቂው ምላሽ

ከአምስት ቀን ዘይት በኋላ ዛሬ ጠዋት ዘንጉ እንደ ዝገታም ማጠፊያ ጮኾ ዞረ። ከፍሬሙ የወጣው ነጭ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ይሞላል። ፍሬሙን ጠርጌ ዘንጉን በግራሶ መልሼዋለሁ፤ ነገ ሾኩን እከፍታለሁ።