ድርሻ ይዞ የጠፋ ጓደኛ

ሀዋሳ ነን፤ ሦስት ጓደኛሞች። ከሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ትኩስ ዓሣ ተረክበን ለሆቴልና ለቤት እናደርሳለን። ስንጀምር ድርሻውን እኩል ተካፈልን፤ በቃል ብቻ። እኔ በጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ የቆሮሶ ዓሣውን ስንጥብ (መተንፈሻውን) እየገለጥኩ፣ ትኩስ እንዲሆን ቀዩን እየመረጥኩ እገዛለሁ። አንዱ ሂሳብና ስልክ ይይዛል። ሦስተኛው፣ አድራሹ፣ ግን ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ተቀጠረ። ሁለቴ ቁጭ ብለን አወራን፤ «እመለሳለሁ» ብሎ በዚያው ቀረ። ባለፈው ሳምንት የሚያደርስ ጠፍቶ በረዶው ቀለጠና 20 ኪሎ ጣልን። በጣም ነው ያመመኝ። አሁን ጎበዝ ሞተረኛ አግኝተናል፤ ከደመወዙ ሌላ ድርሻም ይፈልጋል። በቅርቡ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆነን ልንመዘገብ ነው። ከመፈራረማችን በፊት የጓደኛችንን ድርሻ፣ ሳንቀያየም፣ በሠራው ልክ እንዴት እናስተካክለው?