በተጨናነቁ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዎች የተቆጣጣሪ ምደባ፦ የጋራ ሐሳባችን ሁለተኛ ረቂቅ

ከድሬዳዋ፣ የኬሚስትሪ መምህር

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ በመጀመሪያው ረቂቅ «በቂ ተቆጣጣሪ ይመደብ» ብለን የጻፍነው ዐረፍተ ነገር እንዲወጣ እጠይቃለሁ። «በቂ» የሚለውን ቃል የትምህርት ክፍል ኃላፊውም፣ ሬጅስትራሩም፣ እኛም ለየራሳችን ስለምንተረጉመው ሴክሽን ሲደለደል ማንንም አያስገድድም። የአሜሪካ የኬሚስትሪ ማኅበር ለኮሌጆች ባወጣው መመሪያ አንድ አስተማሪ በቤተ ሙከራ ከ25 ተማሪዎች በላይ እንዳይይዝ ይመክራል፤ እኛም ከዚህ የማይበልጥ ቁጥር በአኃዝ እንጻፍ።

ዋናው ጥያቄ ግን እንደ ተቆጣጣሪ የሚቆጠረው ማን ነው የሚለው ነው። ከዓመታት በፊት በማስተምርበት ኮሌጅ 50 ተማሪዎች ለሚገቡበት ክፍለ ጊዜ በወረቀት ላይ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ነበርን፤ እኔና ቴክኒሻኑ። በዚያ ዕለት ቴክኒሻኑ ለቀጣዩ ሴክሽን የሚሆን ሶሉሽን ለማዘጋጀት ዕቃ ክፍል ገብቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ በፊተኛው ጠረጴዛ ጎንበስ ብዬ አንድ ቡድን ቡሬት (ፈሳሽ እየለካ የሚያንጠባጥብ ረጅም የመስታወት ቱቦ) እንዴት እንደሚነበብ አሳይ ነበር። በኋለኛው ረድፍ አንዲት ተማሪ መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች፣ ቡሬቱን ከመደገፊያው ሳታወርድ፣ ከዓይኗ በላይ በሆነ ፈነል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለውን ጠንካራ ቤዝ ትሞላለች። ፈነሉ ሞልቶ ፈሰሰ። እኔ ያወቅሁት ጓደኞቿ ሲጮኹ ነው። ቤዝ ከአሲድ ይልቅ ወደ ዓይን ጠልቆ ስለሚገባ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ወሳኝ ናቸው፤ ልጅቱ ዓይኗ ተርፎላታል፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ቡሬት ከደረት በላይ ሲሞላ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

ስለዚህ ተቆጣጣሪ የምንለው በክፍለ ጊዜው ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይደረብበት በጠረጴዛዎቹ መካከል የሚዘዋወር፣ ሙከራውን አስቀድሞ በእጁ የሠራና ሙከራውን የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ሶሉሽን የሚያዘጋጅ ቴክኒሻን በዚያ ሰዓት አይቆጠር።

የከተማችንን ሙቀትም እናስገባ። በቀላሉ የሚቀጣጠለው ፈሳሽ ዳይኢቲል ኢተር በባሕር ወለል ከፍታ የሚፈላው በ34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ በሆነችው ድሬዳዋ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ሙቀት ብቻውን ኢተሩን ሊያፈላው ይችላል ማለት ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በጠረጴዛው ላይ እየተሳበ ራቅ ካለ እሳት ይደርሳል። የኢተር ሙከራ ጠዋት፣ በፊዩም ሁድ (ትነት ስቦ በሚያስወጣ ከለላ) ውስጥ፣ በግማሽ ሴክሽን ይሁን።

ከሐረር፣ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን

መምህር፣ ስለ ቴክኒሻን ያነሡትን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ፤ ሁለት ቦታ የምንቆጠረው እኛ ነን፣ አደጋ ሲደርስ የምንጠየቀውም እኛ ነን። አንድ ነገር እንድጨምር ይፈቀድልኝ። በእኛ ከተማ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የዓይን መታጠቢያ በደቂቃ 1.5 ሊትር ገደማ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጥ መፍሰስ አለበት፤ ለአንድ ሰው ብቻ ከ22 ሊትር በላይ ያስፈልጋል። በሮቶ የተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ከሌለ፣ ወይም መታጠቢያው ከጠረጴዛው ከ10 ሰከንድ መንገድ በላይ ከራቀ፣ ክፍለ ጊዜው እንዳይጀመር ይጻፍልን። የሚታጠበውን ተማሪ ጭንቅላት ደግፎ ዓይኑን የሚከፍትለት ሰው እንደሚያስፈልግም አይዘንጋ፤ አንድ ተቆጣጣሪ ብቻ ካለ በዚያ 15 ደቂቃ የቀሩትን ተማሪዎች ማን ይጠብቃል?

ከድሬዳዋ፣ የኬሚስትሪ መምህር

እኅቴ፣ ይህ ጥያቄዎ የረቂቁን ቁጥር ለወጠው። አንቀጹን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «በማንኛውም የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ለ25 ተማሪዎች ቢያንስ አንድ ተቆጣጣሪ ይኖራል፤ የተማሪው ቁጥር ምንም ያህል ቢያንስም ከተቆጣጣሪው ሌላ በጥሪ ወዲያው የሚደርስ ሁለተኛ የሠለጠነ ሰው ይመደባል፤ ይህ ካልተሟላ መምህሩ ሙከራውን ቢያስተላልፍ አይጠየቅበትም።»

የመጨረሻው ሐረግ እንዳይወጣ አደራ እላለሁ፤ ያለ እርሱ ደፍሮ ክፍለ ጊዜ የሚሰርዝ ጀማሪ መምህር አይገኝም። የውኃውን አንቀጽ እርስዎ በራስዎ ቃል ጽፈው እስከ ሐሙስ ቢልኩልኝ ከዚሁ ጋር አያይዤ ለድምፅ አቀርበዋለሁ።