«ዲናር ተመታ» ወይስ «ተቀረጸ»?

ሰምና ወርቅ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞኝ ቀረ። «የምዕራብ ፍራንኮች ንጉሥ ራሰ በራው ሻርል በ864 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ፒትር ላይ ባወጣው አዋጅ፣ ባንድ ፊት ስሙና ሞኖግራሙ (የስሙ ፊደላት የተጠላለፉበት ምልክት)፣ በሌላው የከተማው ስምና መስቀል ያለበት አዲስ ዲናር በጥቂት ቦታዎች ብቻ እንዲ… አዘዘ።» እንዲቀረጽ? እንዲታተም? እንዲመታ?

የድጓ ልጅ፦ እንዲቀረጽ ነዋ! «ምኒልክ በስማቸው ብር አስቀረጹ» ሲባል አልሰማህም?

አንጥረኛው፦ የሚቀረጸው ማኅተሙ እንጂ ብሩ አይደለም። ቀራጩ ፊደሉን በብረት ላይ ገልብጦ ያወጣል፤ ከዘነጋና አቅንቶ ከቀረጸ ዲናሩ ላይ ግልብጡ ይነበባል። ብሩ ደግሞ በእርሳስ ይነጠርና ተቀጥቅጦ ይሳሳል። በየመሃሉ እሳት ካልነካው ይደርቅና ጠርዙ ይሰነጠቃል። ክብ ክብ ተቆርጦ ይመዘናል፤ የከበደው ይከረከማል፣ የቀለለው ተመልሶ ይቀልጣል። የታችኛው ማኅተም እግሩ ግንድ ውስጥ ተቸንክሮ ይቆማል፤ ብሩ እላዩ ይቀመጣል፤ የላይኛውን በግራ እጅ ይዞ በመዶሻ ነው። ዱላውን የሚበላው የላይኛው ስለሆነ ቶሎ የሚያረጀውም እሱ ነው። በሁለተኛው ምት ብሩ ትንሽ ከተንሸራተተ መስቀሉ ድርብ ሆኖ ይወጣል። ብሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ፎርማ ውስጥ አይፈስም። ስለዚህ «እንዲመታ»።

ፊደል ቆጣሪ፦ «ዲናሩ ተመታ» ሲባል «ምን አጥፍቶ?» ያሰኛል። ማኅተም ካልክ በኋላ «ኀተመ» ምን በደለህ?

አንጥረኛው፦ ሰም ላይ በጣት የሚጫኑትና በመዶሻ የሚወርዱበት አንድ ነው እንዴ?

የድጓ ልጅ፦ «ቀረጸ»ን አትናቁ። «ቀረጥ» ራሱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። «ጸጉር» «ጠጉር» ሆኖ የለ? ገንዘብ የቀረጸ ይቀርጣል።

ፊደል ቆጣሪ፦ የኔታ፣ በዚህ ሒሳብ ጸሎትም ጥላቻ ነው በሉና ይረፉ።

የድጓ ልጅ፦ «ጸልአ»ስ «ጠላ» የሆነው በምን ሆነና?

ባለ ሚዛን፦ ይልቅ «ዲናር» ማለቱን ማን ፈቀደ? ፈረንሳዮች «ደኒዬ» ነው የሚሉት።

ፊደል ቆጣሪ፦ የሁለቱም እናት የሮማው «ዴናሪዩስ» ነው። የወይኑ ቦታ ሠራተኞች የተዋዋሉበት፣ ማቴዎስ 20።

ባለ ሚዛን፦ ስሙ አንድ ይሁን፣ ሚዛኑ ግን ለየቅል ነው። የሻርለማኝ አባት ንጉሥ ፔፒን በ755 ገደማ ከአንድ ፓውንድ ብር ከ22 ሶሊዱስ በላይ እንዳይወጣ አለ፤ አንዱ ሶሊዱስ 12 ዲናር ስለሆነ 264 ዲናር ነው። ሻርለማኝ በ793 ገደማ ክብደቱን ወደ 1.7 ግራም ከፍ አድርጎ 240 አደረገው። ሶሊዱሱ በብር አልተመታም፣ የሒሳብ ስም ብቻ ነበር። እንግሊዞች እስከ 1971 ፔኒን በ«ዲ» ፊደል የጻፉትም ከዚሁ ዴናሪዩስ ነው።

አንጥረኛው፦ ይኸው፣ አንተም «አልተመታም» አልክ!

ባለ ሚዛን፦ አመለጠኝ።

ፊደል ቆጣሪ፦ ፈረንሳይኛው «አርዣን»ም እንደኛው «ብር» ማዕድኑም ገንዘቡም ነው። ማን ከማን ወሰደ እንዳትሉ፣ ሁለቱም ከሚዛን ነው የተማሩት።

ሰምና ወርቅ፦ እና ባዶው ቦታ ላይ ምን ልጻፍ?

የድጓ ልጅ፦ ቆይ እንጂ፣ «ብሩር»ን ገና መች ጀመርነው።