ተመራማሪ ወንጀልን ለመረዳት ሕግ ከሚጥሱት ጋር መሰለፍ ይገባዋልን?

አወያይ፦ የዛሬው መነሻችን የአሜሪካዊው ምሁር የጄፍ ፌሬል የምርምር ሕይወት ነው። ፌሬል በዴንቨር ከተማ በየግድግዳው ግራፊቲ ከሚሠሩ ወጣቶች ጋር ሌሊቱን እየዞረ ያጠናውን በ1993 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣ፤ በ1995 ደግሞ ከክሊንተን ሳንደርስ ጋር ባዘጋጀው መድበል «ባህላዊ ክሪሚኖሎጂ» የተባለውን፣ ወንጀልን ለፈጻሚውና ለኅብረተሰቡ ካለው ትርጉም አንጻር የሚያጠና ዘርፍ አስተዋወቀ። እንዲህ ያለው አካሄድ ጥናት ነው ወይስ ግብረ አበርነት?

የሕግ ተማሪ፦ በእኔ እምነት ግብረ አበርነት ነው። አጥኚው ከሠዓሊዎቹ ጎን ሲቆም፣ በማግሥቱ የተበላሸ ግድግዳውን የሚያጥበው ባለንብረት ከጥናቱ ውጭ ይቀራል። የወንጀልን መጠንና መንስኤ በአኃዝ መመርመር እየተቻለ የአጥፊውን ስሜት ማወደስ ማንን ይጠቅማል?

መምህር፦ የባለንብረቱ ጉዳይ እኔንም ያሳስበኛል፤ ነገር ግን መረዳትና ማወደስ አንድ አይደሉም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ጃክ ካትዝ በ1988 እንደተከራከረው፣ ድህነትና ሥራ አጥነት ብቻቸውን አንድ ሰው በዚያች ቅጽበት ለምን ወደ ወንጀል እንደሚሳብ አያስረዱም፤ ድርጊቱ ለፈጻሚው ያለው ትርጉም፣ ደስታውና ፍርሃቱ ጭምር መታወቅ አለበት፤ ይህም ከፖሊስ መዝገብ አይገኝም። ፌሬል በ2001 የዩኒቨርሲቲ ቋሚ ሥራውን ለቆ በቴክሳስ ወደምትገኘው ፎርት ዎርዝ ከተማ ከተመለሰ በኋላ ለወራት በብስክሌት እየዞረ፣ ሰው የጣለውን እየለቀመ፣ መዳቡን ከአሉሚኒየሙ እየለየ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች እየሸጠ የኖረውም የቆሻሻ ለቃሚዎችን ሕይወት ከውስጥ ለማየት ነው። ቆሻሻ መበርበር በሕግ በሚከለከልባቸው ከተሞች፣ ሕጉ የሰውን መተዳደሪያ እንዴት ወደ ጥፋት እንደሚለውጥ በዚህ መንገድ ካልሆነ ማየት ይከብዳል።

የሕግ ተማሪ፦ የተጣለ ነገር መልቀም ማንንም ስለማይጎዳ ምሳሌው ቀላል ሆነልዎት። ስለ ዘረፋ ወይም ስለ ቤት ውስጥ ጥቃትስ ምን ይላሉ?

መምህር፦ እዚያ አጥኚው ፈጽሞ ተሳታፊ ሊሆን አይገባም፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሆኖም እንግሊዛዊውን የወንጀል ጥናት ምሁር ጆክ ያንግን ያስታውሱ፤ በ1980ዎቹ፣ የወንጀል ጉዳት ይበልጥ የሚያርፈው በድሆች ላይ መሆኑን እየጠቀሰ የራሱን ግራ ዘመም ባልደረቦች የሞገተው ይኸው ሰው፣ በ2008 ከፌሬልና ከኪት ሄይዋርድ ጋር ሆኖ የባህላዊ ክሪሚኖሎጂን መጽሐፍ ጽፏል። ስለዚህ ለተጎጂው መቆርቆር ከዘርፉ ጋር አይጣላም። ይሁንና አጥኚዎቹ ከሠዓሊዎቹ ጋር ያሳለፉትን ያህል ጊዜ ከግድግዳው ባለቤት ጋርም እስካላሳለፉ ድረስ፣ የእርስዎ ተቃውሞ ሙሉ መልስ አግኝቷል ለማለት አልደፍርም።