የነርሲንግ ኮርስ ግማሹ ኦንላይን ይሁን ተብሏል፤ የትኛው ግማሽ?

የማርቆሱ መምህር
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ለ2ኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪዎች ፈንዳመንታል (የነርሲንግ መሠረታዊ ክህሎት ኮርስ) ነው የማስተምረው። ለመጪው ሴሚስተር የኮርሱ ግማሽ ኦንላይን እንዲሆን ተወስኗል። ሐሳቡን አልጠላሁትም። የሚያስጨንቀኝ የትኛው ግማሽ እንደሚሆን ነው።

በ2012 በኮሮና ግቢ ሲዘጋ ብዙ ቦታ ስላይዱ ቴሌግራም ላይ ተለጠፈና ኮርሱ ተሰጠ ተባለ። እኔ ያንን ትምህርት አልለውም።

እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ስኪል ላብ (የእጅ ሥራ መለማመጃ ክፍል) ስንገባ ግማሹን ሰዓት ማብራሪያ ይበላዋል። ዕቃው ምንድን ነው፣ ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው ስንል ተማሪው ካቴተሩን (የሽንት ቱቦውን) በእጁ ሳይነካ ሰዓቱ ያልቃል። ማብራሪያው ወደ ስልክ ይሂድ፤ ላቡ የእጅ ሥራ ብቻ ይሁን።

የደም ግፊትን እንውሰድ። በስቴቶስኮፕ (በማዳመጫው) የደም ሥሩ ድምፅ መጀመሪያ ሲሰማ የላይኛው ቁጥር፣ ሲጠፋ የታችኛው መሆኑን ሁሉም ሸምድዶታል። ድምፁን በደንብ የሰማው ግን ጥቂት ነው። አንድ ስቴቶስኮፕ ለ10 ሰው እየተቀባበሉ ምኑ ይሰማል? ድምፁ ተቀድቶ ቢሰጠው ማታ ዶርም ሆኖ በኢርፎን ደጋግሞ ይሰማዋል። ሜጋም ብዙ አይበላም። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የጠብታ ስሌትም እንደዚሁ። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ቢባል፣ 1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። ለዚህ ክፍል መግባት አያስፈልግም፤ ወዲያው የሚያርም ኩዊዝ ይበቃል። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተናውም በኮምፒውተር ስለሆነ እጃቸውን ያፍታቱበታል።

የሞከራችሁ ካላችሁ እስኪ ንገሩኝ። ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) ያላችሁም።

ሲስተር ከፍኖተ ሰላም
ወንድሜ፣ ጥሩ አስበሃል። እኔ ዋርድ ላይ የማየውን ልንገርህ። ለልምምድ የሚመጡ ልጆች ቅደም ተከተሉን እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጡታል። በቀደም አንዷ ተማሪ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ልታስገባ ስትል በሽተኛዋ እናት «ልጄ፣ ምን ልታደርጊኝ ነው?» አሏት። ልጅቷ ዝም። ቪዲዮ ላይ በሽተኛ አይጠይቅማ! ያ ዝምታ በጣም ነው ያሳዘነኝ። እናትየዋ ፈርተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ስለዚህ አንድ ነገር ጨምር። እያንዳንዱ ተማሪ ለበሽተኛ የሚያስረዳውን በራሱ አማርኛ በድምፅ ቀርጾ በቴሌግራም ይላክልህ። ፕሮሲጀር ቢሉ ገበሬው አይገባውም።

የ3ኛ ዓመት ተማሪ
መምህር፣ ይቅርታ፣ እኔም አንድ ነገር ልበል። በዙም ቀጥታ ከሆነ ብዙዎቻችን ወጣን ማለት ነው። ቤተሰቦቼ ያሉት ከቢቡኝ ወጣ ብሎ ነው። እዚያ ኔትወርክ ለማግኘት ዳገት መውጣት አለብኝ፤ ስልኬንም በሶላር ነው ቻርጅ የማደርገው። የሚወርድ ነገር ይሁንልን፤ ግቢ እያለን በዋይፋይ አውርደን እንሄዳለን። ቪዲዮውም አጭር ይሁን። ማስረከቢያ ቀኑንም «ዛሬ እስከ 6 ሰዓት ሌሊት» አትበሉን፤ ሳምንት ስጡን።

መምህር ከባሕር ዳር
ሙድል (የኦንላይን ትምህርት መስጫ ሲስተም) ካላችሁ የስልክ መተግበሪያው ላይ ኮርሱን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ማንበብ ይቻላል። መምህሩ ከፈቀደ ኩዊዙም ኦፍላይን ተሠርቶ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። ይህን ብዙ መምህር አያውቀውም፤ ሴቲንጉ ውስጥ ፈልገው። እኔ ኩዊዙን ያልሠራ ላብ አይግባ ባይ ነኝ። አለበለዚያ ሳያነቡ ይመጡና ማብራሪያው እንደገና ላብ ውስጥ ይጀመራል።

የማርቆሱ መምህር
የኦፍላይኑን ነገር ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ እጀምራለሁ። ላብ አይግባ የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ከላይ የጻፈውን ልጅ አየኸው፤ ዳገት ወጥቶ ኔትወርክ ያጣን ተማሪ እኔ ደግሞ ከላብ ላስቀረው አልችልም። በር ላይ 5 ጥያቄ በወረቀት እሰጣለሁ። የወደቀ ጥግ ይዞ የጓደኛውን ስልክ ያያል፣ ከዚያ ይገባል። ዙም ደግሞ አይኖርም።

ሲስተር፣ የድምፁን ነገር ከሁሉ በላይ ወድጄዋለሁ። ነጥብም እሰጥበታለሁ። በሽተኞች አዘውትረው የሚጠይቋችሁን ቢጽፉልኝ ጥያቄዎቹን ከዚያ አወጣለሁ። ከመጽሐፍ አይገኝማ።

ሲስተር ከፍኖተ ሰላም
ደስ ይለኛል። አንደኛው «ደሜን ይህን ያህል ቀድታችሁ ምን ልታደርጉት ነው?» ነው። ሁለተኛው «መርፌው ለጾም ይፈቀዳል ወይ?» ዛሬ ማታ ተረኛ ነኝ፤ ሌላውን ነገ እጽፍልሃለሁ።