ለእጮኛ ይነገራል ወይስ ይደበቃል?

ትዕግሥት፦ እህቴ ባይፖላር አለባት፤ ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የአእምሮ ሕመም። ክኒን ከጀመረች አምስት ዓመት አለፋት። ሥራ ትገባለች፣ ደህና ናት። ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል፤ ልጁ ግን አያውቅም። እናቴ «ትንፍሽ እንዳትሉ» ብላናለች። እኔ ይነገረው ባይ ነኝ። እናንተስ?

ያሬድ፦ ይነገረው እንጂ! የቤተሰብ ሕጉን፣ አዋጅ 213/1992 አንቀጽ 13ን እዩት። የማይድን ወይም በዘር የሚተላለፍ በሽታ መኖሩን ሳያውቅ ያገባ ሰው፣ ተሳስቻለሁ ብሎ ጋብቻው እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል። ደሞ ነገ ጨርቋን ብትጥል ማን ይጠየቃል?

ሜሮን፦ «ጨርቋን ብትጥል»! ይኸው፣ የሚደበቀው ለዚህ ነው። ስኳርም እኮ አይድንም፣ በዘርም ይሄዳል። በስኳር ምክንያት የተመለሰ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። ባይፖላርም ቢሆን ዘር ድርሻ አለው እንጂ፣ ካለባት እናት የሚወለዱት ልጆች አብዛኞቹ አይታመሙም።

ጋሽ ከበደ፦ በእኛ ጊዜ የሚጠናው ዘሯ ነበር። ጎረቤት ሰው ይላክና «ከቤቱ ያበደ አለ?» ይባላል። የአክስቴ ልጅ ታሞ ጓሮ ታስሮ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጩኸቱ እንዳይሰማ ሬዲዮ ይከፈታል። ሦስት እህቶቹ ምንም ሳይኖርባቸው ቆመው ቀሩ።

ሜሮን፦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ በጥናትም ታይቷል። ቡታጅራ አካባቢ የአእምሮ ታማሚ ቤተሰቦች ተጠይቀው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። 75 በመቶዎቹ በዘመዳቸው ሕመም ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ያሬድ ሕግ ይጠቅሳል፤ እናትየው የሚፈሩት ግን ሰፈሩን ነው።

ስሜ ይቅር፦ እኔ ታማሚው ነኝ፣ ሁለቱንም ሞክሬዋለሁ። ለአንዷ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ስስቅም «ክኒንህን ወስደሃል?»፣ ስናደድም «ክኒንህን ወስደሃል?» ሆነ። መናደድ እንኳን ተከለከልኩ። ተለያየን። ከእሷ በፊት ለነበረችው ደግሞ ደብቄ ነበር። ክኒኑን በቫይታሚን ዕቃ አድርጌ ሽንት ቤት ገብቼ እውጥ ነበር። ክፍለ ሀገር ለሠርግ አብረን ሄደን ሦስት ቀን ዘለልኩ። ወር ሳይሞላ አገረሸብኝ። መንገሬ ልቤን ሰበረው፤ መደበቄ ግን አልጋ ላይ ጣለኝ።

ያሬድ፦ አይዞህ ወንድሜ። አፌ አመለጠኝ መሰለኝ።

ነርስ ነኝ፦ ትዕግሥት፣ የምትወስደው ምንድን ነው? ሶዲየም ቫልፕሮት ከሆነ ለጽንስ አደገኛ ነው። ሳትፀንስ በፊት ከሐኪሟ ጋር መነጋገር አለባት። ፈርታ በራሷ ካቋረጠችም ሊያገረሽባት ይችላል። ይሄን ሁሉ ከባል ደብቆ እንዴት ይሆናል?

ሜሮን፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እሺ፣ ይነገረው። ግን እሷ ራሷ ትንገረው፤ በሽማግሌ ፊት አይሁን።

ትዕግሥት፦ አሁን ዕቃውን አየሁት። ቫልፕሮት ነው። ሐሙስ ለብቻቸው ሊገናኙ ነው፣ እነግረዋለሁ ብላለች። እናቴ እስካሁን አኩርፋኛለች።